ለቤት የሚሆን ሰርቨር ልሠራ ነው፤ ደሴ ላይ የሞከረ አለ?

ሸርፍተራ_ካሜራ

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ይረዝማል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ደሴ ነኝ። ሥራዬ ሠርግ መቅረጽ ነው። ኒካሁም፣ መልሱም፣ ክርስትናውም፣ ምርቃቱም፣ የጠራኝ ሁሉ ጋ እሄዳለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ያጠራቀምኩት ሀብት 9 ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። አንድ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተደርድረው ይኖራሉ። እያንዳንዱ ጀርባ ላይ በማርከር ቁጥር ጽፌያለሁ። የትኛው ውስጥ የማን ሠርግ እንዳለ ደግሞ ደብተር ላይ። ባለፈው ረመዳን ደብተሩ ላይ ሾርባ ፈሶበት የ4 ቁጥር ገጽ አይነበብም።

ደንበኛ ይደውላል። «የዛሬ 3 ዓመት የቀረጽከው የእህቴ ሠርግ አለህ? ፍላሹ ጠፋብን።» አለ እላለሁ። ከዚያ አንዱን ስሰካ አንዱን ስነቅል ግማሽ ቀን ይሄዳል። ይባስ ብላ 4 ቁጥር ሰሞኑን ማንቀላፋት ጀምራለች። ፎልደር ስከፍት አረንጓዴው መስመር እየተሳበ እየተሳበ ይሄድና መሃል ላይ ቀጥ ይላል። ድምፅ የላትም። ዝም ብላ ታስባለች።

እኔ ደግሞ ዲስክ ሲያንቀላፋ የሚያስደነግጠኝ ምክንያት አለኝ። ጥቅምት 2014 ከከተማ ስንወጣ የያዝኩት 3 ዲስክ ብቻ ነበር፤ በልጄ ሹራብ ጠቅልዬ። ኮምፒውተሩና ሌሎቹ ዲስኮች ስቱዲዮ ቀሩ። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ በሩ ክፍት ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀረው የማውዝ ምንጣፉ ብቻ ነው። የደንበኞቹ ሠርግ ይቆጨኛል፤ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የገለበጥኩት የእናቴ ሠርግ ነው። ካሴቱን ራሱን «ከተገለበጠ ወዲያ ምን ያደርጋል» ብዬ አስወግጄው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሚቆጨኝ ቃል እሱ ነው።

አሁን የምፈልገው ይህ ነው። ሁሉም ቀረጻ አንድ ቦታ ይሁን። ኤዲት ሳደርግ በኬብል ከዚያ ልክፈተው። ማታ ደግሞ እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ የቤተሰቡን ቪዲዮ፣ መንዙማ፣ ፊልም በቲቪ ትክፈት። ፍላሽ አምጣ፣ ፍላሽ ውሰድ ሰለቸኝ። ጅዳ ያለችው እህቴም ብታየው ደስ ይለኛል።

አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ ያገለገለ የራክ ሰርቨር ሊሸጥልኝ ነው። 2 ዚዮን ፕሮሰሰር፣ 64 ጊጋ ራም፣ 8 ዲስክ የሚገባበት። ሳየው ምራቄን ዋጥኩ። ያለኝ 70 ሺህ ብር ነው፤ ዲስኩንም ጨምሮ። ልግዛው? 8 ዲስክ በሬይድ (ብዙ ዲስክን እንደ አንድ በሚያሠራው ዘዴ) ካሰርኩ እንደ 2014 ዓይነት ነገር አይደርስብኝም አይደል?

አንድ ሌላ ሞኝ ጥያቄም አለኝ። አንድ ወዳጄ «ደሴ ከፍታ ስለሆነ ሃርድ ዲስክ ቶሎ ይሞታል» አለኝ። እውነት ነው?


አራዳ_ሰፈር

ወንድሜ፣ የዚያን ዕቃ ድምፅ ሰምተኸዋል? እኔ በተከራየሁበት ግቢ አንድ ወር አቆይቼዋለሁ። ሲነሳ ወፍጮ ቤት ነው። የአከራዬ እናት «ልጄ፣ ሌሊት ምን እያስፈጨህ ነው?» ብለው በር አንኳኩተዋል።

ድምፁን ቻልኩ በል። ዝም ብሎ ተቀምጦ እንኳ 150 ዋት ይበላል። 24 ሰዓት በ30 ቀን ስታባዛው በወር 108 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ በ35 ዋት ቢሄድልህ 25 ገደማ ነው። ልዩነቱን ቆጣሪህ ይነግርሃል።

ሌላው ደግሞ ዚዮኖቹ ቪዲዮ የሚለውጥ ቺፕ ውስጣቸው የለም። እህትህ ጅዳ ሆና በስልኳ ስትከፍተው ቪዲዮውን ማሳነስ ያለበት ፕሮሰሰሩ ራሱ በጉልበት ነው። ያኔ ወፍጮው ከነሙሉ ድምፁ ይነሳል። ተወው።


ሐረጎ_ማዶ

ኮምቦልቻ ነኝ። ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነው የምሠራው። የቤት ሰርቨር ስጠቀም 5 ዓመት ሆነኝ፤ አንዴ ተቃጥሎብኝ እንደገና ጀምሬያለሁ። ስለዚህ ስሕተቴን በነፃ ውሰድ።

መጀመሪያ የከፍታውን ነገር እናንሳ፤ ጥያቄህ ሞኝ አይደለም። ተራ ሃርድ ዲስክ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው። የሚያነበው ራስ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ትራሱ ይሳሳል። ለዚህ ነው አምራቾቹ የሥራ ከፍታ ወሰን የሚጽፉት፤ በብዙዎቹ ላይ 3,048 ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። ወሰኑ ውስጥ ነህ። አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ስቱዲዮ ካልከፈትክ አብሽር። ሂሊየም የተሞሉት ትልልቆቹ ዲስኮች ደግሞ ጭራሽ የታሸጉ ስለሆኑ የውጭው አየር አይመለከታቸውም። እንደውም የደሴ ብርድ ለዲስክ ከእኛ ሙቀት ይሻላል።

አሁን ወደ ሬይዱ። ከ4 ዓመት በፊት እኔም 2 ዲስክ በሬይድ 1 አጣምሬ፣ አንዱ ቢሞት አንዱ አለ ብዬ ተኝቼ ነበር። አንድ ማታ መብራት 3 ጊዜ ሄዶ መጣ። በሦስተኛው ፓወር ሳፕላዩ ጧ አለ። ሁለቱንም ዲስክ ይዞ ሄደ። አስበው፤ ሁለቱ ዲስኮች አንድ ሳጥን ውስጥ፣ አንድ ፓወር ሳፕላይ ላይ፣ አንድ ሶኬት ላይ ናቸው። ሌባ ሳጥኑን ሲያነሳ ሁለቱንም ያነሳል። አንተ በስሕተት አንድ ፎልደር ብታጠፋ ሬይድ ታዛዥ ነው፤ ሁለቱም ላይ ያጠፋልሃል። ሬይድ የሚጠቅመው አንድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ነው። አንተ ባንክ አይደለህም፤ አንድ ቀን ብትቆም ምንም አትሆንም። 2014 ላይ 8 ዲስክ በሬይድ ታስሮ ስቱዲዮ ቢሆን ኖሮ 8ቱም አብረው ነበር የሚሄዱት።

ስለዚህ የ2 ዲስክ ገንዘብ ካለህ አታጣምራቸው። አንዱን ሰርቨሩ ውስጥ አድርግ። ሁለተኛውን በኤክስተርናል ሳጥን ውስጥ ከተህ ከደሴ አስወጣው። ኮምቦልቻ ዘመድ የለህም? በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። በወር አንዴ ይምጣ፣ አዲሱ ይገልበጥበት፣ ይመለስ። ይህን በኢንተርኔት ልላክ ብትል 4 ቴራ በ5 ሜጋቢት አፕሎድ ያለማቋረጥ 74 ቀን ይፈጃል። ያውም መብራትም ኔትወርክም አንድ ደቂቃ ካልጠፋ። በሐረጎ መንገድ ደሴና ኮምቦልቻ የሚመላለሰውን ሚኒባስ የሚቀድም ፋይበር አላየሁም።

በመሃል ያለው ወርስ ትላለህ። እነዚያን 9 ዲስኮች አትጣላቸው። የኮምቦልቻው ዲስክ መጥቶ እስኪገለበጥበት ድረስ አዲስ ሠርግ ሰርቨሩ ላይም አንዱ አሮጌ ዲስክ ላይም ይኑር። ከተቻለ ሚሞሪ ካርዱንም ፎርማት አታድርግ። ዲስኩ ከብርድ ወደ ሙቀት ሲሄድ ደግሞ ቶሎ አይሰካ። እኛ ጋ ሲደርስ ላብ ያወጣል። አንድ ሁለት ሰዓት ይቀመጥ።

ማሽኑን በተመለከተ ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ፈልግ። ቀጭኑን ሳይሆን ታወሩን። ከመግዛትህ በፊት ክዳኑን ከፍተህ የ3.5 ኢንች ዲስክ ማስገቢያ ስንት እንዳለው በዓይንህ ቁጠር። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ሆኖ ከ7ኛ ትውልድ አይነስ፤ ኮር አይ5 7500 ይበቃሃል። 6ኛውና 7ኛው በዋጋ ይቀራረባሉ፤ በቪዲዮ ግን ይለያያሉ። 7ኛው ባለ 10 ቢት ኤችኢቪሲን (ኤች265 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት) በቺፑ ይፈታል፤ 6ኛው ላይ ፕሮሰሰሩ ይለፋል። ራም 8 ጊጋ ለመነሻ ይሆናል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዴሎቹ ፓወር ሳፕላይ የራሳቸው ሶኬት ነው ያለው። ተራ ኤቲኤክስ አይገባላቸውም። ሲቃጠል አምሳያውን መፈለግ ነው።

ዲስክ ስትገዛ የደህንነት ካሜራ የሚገጥሙ ሱቆች ጎራ በል። ለካሜራ ተብለው የሚሸጡት ዲስኮች 24 ሰዓት እንዲሠሩ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ለአንተም ይሆናሉ። ያገለገለ ከሆነ ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤና መረጃ ሳታይ ብር አታውጣ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ይዘህ ሂድ። 3 ነገር እይ። ሪአሎኬትድ ሴክተርና ፔንዲንግ ሴክተር (የተበላሸ ቦታ ምልክቶች ናቸው) ዜሮ ይሁኑ። የሠራበት ሰዓት ደግሞ 43,800 ካለ 5 ዓመት ሳይጠፋ ኖሯል ማለት ነው፤ እሱን ለሻጩ ተውለት። «16 ቴራ» ተብሎ በምሳ ዋጋ የሚሸጥ ኪስ የሚገባ ኤክስተርናል ካየህ ደግሞ አልፈኸው ሂድ። ውስጡ ሚሞሪ ካርድ ነው። 16 ቴራ ነኝ ይላል፣ ትጽፍበታለህ፣ የመጀመሪያው ሲሞላ በላዩ ላይ ይደርባል።

ስለ መብራት አሁን ላውራ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መብራት ሲሄድ በባትሪ የምታቆየው ትንሿ ባለ 650 ዩፒኤስ ውስጥ ያለችው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ናት። ስታባዛው 84 ዋት ሰዓት ነው። ኪሳራው ተቀንሶ፣ ሰርቨርና ራውተር 45 ዋት ቢወስዱ፣ አዲስ እያለች ቢበዛ አንድ ሰዓት ገደማ ትይዝልሃለች። ስታረጅ ግማሹንም ላትሰጥህ ትችላለች። መብራቱ ደግሞ 4 ሰዓት ይጠፋል። ስለዚህ የዩፒኤስ ሥራ ሰርቨሩን ማቆየት አይደለም፤ በሥርዓት እንዲዘጋ ጊዜ መስጠት ነው።

ጥሩዎቹ ዩፒኤሶች የዩኤስቢ ገመድ አላቸው፤ «መብራት ሄዷል» ብለው ለሰርቨሩ ይነግሩታል። ርካሾቹ ዲዳ ናቸው። እኔ ዲዳውን ነው የያዝኩት። ያደረግኩት እንዲህ ነው። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ራውተር ነበረኝ። እሱን ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ ዩፒኤስ ላይ አይደለም። ዋይፋዩንና አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ዘጋሁት፤ ካልዘጋኸው ቤቱን ሁሉ ያምታታል። ቋሚ አድራሻ ሰጠሁትና የቤቱን ኬብሎች ከሚያገናኘው ስዊች ጋር በኬብል አገናኘሁት። ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ ነው። ሰርቨሩ በየደቂቃው «አለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። 5 ጊዜ ተከታትሎ ካልመለሰ መብራት የለም ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ራሱን ይዘጋል። የስክሪፕቱ ርዝመት 10 መስመር አይሞላም።

መነሳቱ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ኤሲ ሪከቨሪ የሚለውን «ኦን» ታደርገዋለህ፤ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል። ነገር ግን ሰርቨሩ ከተዘጋ በኋላ የዩፒኤሱ ባትሪ ሳያልቅ መብራት ከመጣ፣ ለማሽኑ መብራት ሄዶም አያውቅ። ተኝቶ ይቀራል። እኔ ይህን ለመረዳት 2 ሳምንት ፈጅቶብኛል። መፍትሔው እዚያው ባዮስ ውስጥ በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንዲነሳ ሰዓት መሙላት ነው።


ሸርፍተራ_ካሜራ

ወላሂ አንተ ሰው መምህር መሆን ነበረብህ። ኮምቦልቻ ታናሽ እህቴ አለች፤ አግብታ እዚያ ነው ያለችው። ዲስክ የምታስቀምጥበት ቁም ሣጥን አታጣም።

እሺ፣ ራኩን ተውኩት። ሲስተሙስ? አንዱ ትሩናስ ይላል፣ አንዱ ፕሌክስ ይላል፣ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም የየራሱን ያመሰግናል። ሌላው ደግሞ ኬብል የግድ ነው? ከሳሎን እስከ ሥራ ክፍሌ 2 ግድግዳ አለ።


ሐረጎ_ማዶ

ለአንድ ዲስክ ትሩናስ አያስፈልግህም። ኦፕንሚዲያቮልት ጫን፤ ዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሠራ ነው፣ ቀላል ነው፣ በብራውዘር ታዘዋለህ። ለቪዲዮው ጄሊፊን። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ኤምቢ ከሚባል ፕሮግራም ተገንጥሎ የወጣ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነው። ፕሌክስ መጥፎ አይደለም፤ ግን አካውንት ይፈልጋል፣ በቺፕ ቪዲዮ መለወጡንም የሚፈቅደው ለከፈለ ነው። ኢንተርኔት በጠፋ ቀን ጄሊፊን ቤትህ ውስጥ ማንንም ሳያስፈቅድ ይከፍታል። እኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ኬብሉ ሒሳቡን ልሥራልህ። በ100 ሜጋቢት 4ኬ የምትቀርጽ ከሆነ አንድ ሰዓት 45 ጊጋ ነው። በ2 ካሜራ 4 ሰዓት ብትቀርጽ 360 ጊጋ። በጊጋቢት ኬብል ይህን ወደ ሰርቨሩ ለመገልበጥ አንድ ሰዓት አይሞላም። በደካማ ዋይፋይ፣ በሰከንድ 5 ሜጋባይት ቢሄድልህ፣ 20 ሰዓት። ግድግዳውን ብሳው። ከኢንተርኔቱ ጋር የመጣው ራውተር ደግሞ የጀርባ ቀዳዳው 100 ሜጋቢት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጽሑፉን እይ። እንደዚያ ከሆነ ባለ 5 ቀዳዳ ጊጋቢት ስዊች ግዛና ኮምፒውተርህንና ሰርቨሩን እሱ ላይ አገናኝ።

ለእናትህ ግን 4ኬውን አትስጣቸው። ኤዲት ሲያልቅ አንድ ኮፒ በ1080፣ በኤች264፣ በ10 ሜጋቢት ኤክስፖርት አድርግ። አንድ ሰዓቱ 4.5 ጊጋ ብቻ ነው፣ ዋይፋይም ይችለዋል፣ አሮጌ ቲቪም ሳያጉረመርም ያጫውተዋል። ጅዳ ላለችው ደግሞ ቴይልስኬል (ከሩቅ በግል መስመር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ጫንላት፤ የራውተር በር መክፈት አያስፈልግህም። ሰርቨሩን በቀጥታ ለኢንተርኔት እንዳትከፍተው፤ በማግስቱ ፋይሎችህ ተቆልፈው ዶላር ክፈል የሚል ጽሑፍ ታገኛለህ።


ሙዳየ_ፊደል

ወንድሞች፣ ቴክኒኩን ጨርሳችሁታል። እኔ የምጨምረው ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ።

ቀላሉ ስለ አማርኛ ነው። የፋይል ስም በአማርኛ መጻፍ ትችላለህ፤ ሊኑክስ ምንም አይለውም። ግን የስሙ ርዝመት ወሰን 255 ባይት ነው። አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። «የእከሌና የእከሊት የሠርግ ሥነ ሥርዓት፣ የመልስ ፕሮግራም፣ የመጀመሪያው ካሜራ፣ ያልተቆረጠ» እያልክ ስትቀጥል ገልብጥ ስትለው እምቢ ይልሃል። እኔን ግማሽ ቀን አስለቅሶኛል። ስሙን አሳጥር። ዓመተ ምሕረቱን ከፊት አድርግ፦ 2017-05-12። ወርና ቀኑ ሁልጊዜ ባለ 2 አሃዝ ይሁን፤ ያኔ ጳጉሜንም 13 ሆና በቦታዋ ትሰለፋለች።

ፊልም በአማርኛ ሰብታይትል የምታይ ከሆነ ደግሞ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አትደንግጥ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ሰርቨሩ ላይ ፎልደር ውስጥ አስቀምጥና ጄሊፊን ላይ፣ ፕሌይባክ በሚለው ገጽ፣ ተጠባባቂ ፎንት ብለህ አሳየው። ሰብታይትሉም በዩቲኤፍ 8 ሴቭ የተደረገ ይሁን።

የሠርጎቹን ፎልደር ስትጨምር «ፊልም» ብለህ አትምረጥ። «የቤት ቪዲዮና ፎቶ» የሚል አለ። እኔ የአክስቴን ልጅ ሠርግ ፊልም ብዬ አስገብቼ፣ ከኢንተርኔት ፈልጎ የሆነ የፈረንጅ ወንጀል ፊልም ፖስተር ለጠፈበት። እስከዛሬ በቤተሰቡ እንስቃለን።

ከባዱ ይህ ነው። አንተ የሴቶችን ክፍል ትቀርጻለህ ወይም የምታስቀርጻት ሴት አለችህ። ሙሽሮች፣ እናቶች፣ ልጃገረዶች ፀጉራቸውን ገልጠው የሚጨፍሩበት። አምነው ነው የሚሰጡህ። ያ ሁሉ ሳሎን ቲቪ ላይ ሊታይ አይገባም፤ ዋይፋይህን የሚጠቀም እንግዳም ማየት የለበትም። ለእናትህ የራሳቸው አካውንት ክፈት፣ የቤተሰቡ ፎልደር ብቻ ይታያቸው። የደንበኞቹ ፎልደር ጄሊፊን ውስጥ ጭራሽ አይግባ። ኮምቦልቻ የሚሄደውም ዲስክ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ሊኑክስ ላይ ሉክስ የሚባል አለ፤ ኦፕንሚዲያቮልት ላይ በፕለጊን ይመጣል። ሚኒባስ ላይ ቦርሳ ይጠፋል። ዲስኩ ቢጠፋ ዲስክ ብቻ ይጥፋ።


አራዳ_ሰፈር

የይለፍ ቃሉን ደግሞ ሾርባ የሚፈስበት ደብተር ላይ እንዳትጽፈው።


ሸርፍተራ_ካሜራ

ሁለት ወር ጠፍቼ ተመለስኩ፤ ይቅርታ። የሠርግ ወቅት ነበር።

ሠራሁት። ኦፕቲፕሌክስ ታወር፣ አይ5 7500፣ 8 ጊጋ ራም። ሻጩ 6ኛ ትውልድ ሊሰጠኝ ነበር፤ «ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም አልኩት፣ ኮራ ብዬ። ዲስኮቹ 2 ባለ 8 ቴራ የካሜራ ዲስኮች ናቸው። አንዱ አዲስ፣ አንዱ 6,000 ሰዓት የሠራ። ለዩፒኤሱ ብር አልተረፈኝምና ዲዳውን ገዛሁ። አሮጌው ራውተር ግድግዳው ላይ ተሰክቶ አለ። እናቴ «ይቺ ምን ትሠራለች?» ትለኛለች። መብራት አለ የለም እያለች ለሰርቨሩ ትነግረዋለች አልኳት። «እኔ አልነግረውም?» አለች።

ግድግዳውን ስንበሳ የቧንቧ መስመር ነክተን ግማሽ ቀን ውሃ ስንቀዳ ዋልን። እሱን አላብራራም።

ሙዳየ_ፊደል (መምህርት መሰልሽኝ፣ ከአጻጻፍሽ)፣ ያልሽው ልክ ነው። አፍሬም ነበር። 9ኙ ዲስኮች እስከዛሬ ያለ ቁልፍ ነበር ቆርቆሮ ውስጥ የሚቀመጡት። አሁን የደንበኞቹ ለብቻ ነው፤ ኮምቦልቻ የሚሄደውም ተቆልፏል። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፌ አሽጌ ታላቅ ወንድሜ ጋ አስቀመጥኩ። ዲስኩ እህቴ ጋ፣ ቁልፉ ወንድሜ ጋ።

እህቴ ዲስኩን ስሰጣት በነጠላ ጠቀለለችው። ከቡና ስኒዎቹ በላይ፣ ቁም ሣጥኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ልጆቿ እንዳይነኩት «የአጎታችሁ መድኃኒት ነው» ብላቸዋለች።

አሁን ስለ 4 ቁጥር። ሐረጎ_ማዶ በውስጥ መስመር እንደመከረኝ መክፈት አቆምኩ፣ ፎልደር ለፎልደር መገልበጥም ተውኩ። ዲዲሬስኪው የሚባለውን ሊኑክስ ላይ አስነስቼ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ገለበጥኩት። ጥሩነቱ ቀላሉን መጀመሪያ ያነባል፤ እምቢ ያለውን ዘሎት ያልፍና መጨረሻ ላይ ይመለስበታል። ባለ 2 ቴራ ዲስክ ናት። ቀላሉ በአንድ ሌሊት አለቀ። የቀሩት ጥቂት ሜጋዎች ግን 3 ቀን ፈጁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ስክሪኑን ማየት እንደ በሽተኛ መጠየቅ ሆኖብኝ ነበር። በመጨረሻ ያልተነበበው 12 ሜጋ ብቻ ሆነ። ከ2 ቴራ 12 ሜጋ! ጨፈርኩ።

ጭፈራው አልቆየም። ያቺ 12 ሜጋ አብዛኛዋ የአንድ ቀረጻ መጨረሻ ላይ ነው ያረፈችው። ካሜራዬ የቪዲዮውን ማውጫ የሚጽፈው ፋይሉ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ማውጫው ከጠፋ ሙሉው 40 ደቂቃ አይከፈትም። ሙሽራው ከእናቱ ጋር የሚሰናበትበት ነው። የተቆረጠውንም ቪዲዮ ብፈልግ እሱም እዚያው ዲስክ ላይ ነበር፤ ቀሪው እሱ ላይ አርፎ ተበላሽቷል።

ለሙሽራው ደወልኩ። አሁን ከሚሴ ነው የሚኖረው። እየተርበተበትኩ ነገርኩት። «ፍላሹ አለ» አለኝ። «እናቴ በየጁምዓው ታየዋለች።» በማግስቱ በሚኒባስ ላከልኝ። ፍላሹ በጨርቅ ተሰፍቶ፣ ላዩ ላይ «የልጄ» ተብሎ ተጽፎ ነው የመጣው። ገለበጥኩና በዚያው ሹፌር መለስኩት።

ለካ ለ4 ዓመት የእኔ ባክአፕ ከሚሴ ነበር።


ሐረጎ_ማዶ

አልሐምዱሊላህ። ያን 40 ደቂቃ ጥሬ ፋይል አታጥፋው። በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል አጠገቡ አስቀምጦ ማውጫውን እንደ አዲስ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ግን እንሞክረዋለን። ቅዳሜ ለገበያ ደሴ ስለምመጣ ስቱዲዮህ ብቅ እላለሁ። የዩፒኤሱንም ባትሪ በዚያው ለክቼ አሳይሃለሁ።


ሸርፍተራ_ካሜራ

ና፣ ቡና ተፈልቶ ይጠብቅሃል። እናቴም ጥያቄ አላት፤ መንዙማው መሃል ላይ መብራት ሲሄድ ካቆመበት መቀጠል ይችላል ወይ እያለች ነው።


ሐረጎ_ማዶ

ይችላል። በራሳቸው አካውንት ከገቡ።